በ11.5 እና በ12.5 መካከል

በየጤና ኬላው የልጆችን የምግብ እጥረት ለመለየት የምንጠቀምበት መሣሪያ ከሕክምና መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው ጠባብ የመለኪያ ጥብጣብ ነው። ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት በሆነ ልጅ ግራ ክንድ ላይ፣ በትከሻና በክርን እኩሌታ ይጠመጠማል። ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ልጁ በከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ተጠቅቷል ማለት ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ቢጫ ሲሆን መካከለኛ ይባላል፤ ከዚያ በላይ ያለው አረንጓዴ ነው። ለአንድ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት የሥርዓተ ምግብ ፕሮግራሞችን አስተባብራለሁ፤ ከሥራዬ አብዛኛው የሚውለው በዚህች አንዲት ቢጫ ሴንቲ ሜትር ላይ ነው።

ቀዩና ቢጫው ለልጁ አንድ ረሃብ ቢሆኑም ለእኛ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው። የቀዩ ሕክምና በመንግሥት ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች በተመላላሽ ይሰጣል፤ ፕላምፒናት የሚባለውን፣ ከኦቾሎኒ የሚሠራውን የሕክምና ምግብ በዋናነት የሚያቀርበው ዩኒሴፍ ነው። የቢጫው አልሚ ምግብ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል ነው፤ እርሱም በሁሉም ወረዳ ሳይሆን፣ ከበልግና ከመኸር ግምገማዎች በኋላ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል ተብለው በተለዩ ወረዳዎች ነው። ስለዚህ ወንዝ ተሻግሮ ባለው ወረዳ የሚኖር ባለ ቢጫ ልጅ አልሚ ምግብ ሲያገኝ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለው በዚያው ልኬት ምክር ብቻ ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል።

ባለፈው ክረምት በዋግ ኽምራ በሚገኝ አንድ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጆች ስትለካ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት ያዘለችውን ልጅ አውርዳ፣ እጅጌውን ሰብስባ ክንዱን ዘረጋችላት። ጥብጣቡ በ11.8 ላይ ቆመ። ባለሙያዋ እግሮቹን በአውራ ጣቷ ተጭና እብጠት አለመኖሩን አየች፤ መዝገቡ ላይ ጻፈችና ልጁ ገና ቀይ ውስጥ እንዳልገባ፣ ገንፎውን እያወፈረች በቀን ደጋግማ እንድታበላው፣ በአሥራ አምስት ቀን እንድትመለስ ነገረቻት። እናትየዋ ከእርሷ ወደ እኔ ዞረችና «ታዲያ እስኪብስበት ይዤው ልቀመጥ ነው፣ እትዬ?» አለችኝ። በዚያ ሰሞን የወረዳው የአልሚ ምግብ መጋዘን ባዶ ነበር። ጥያቄዋ በየስብሰባው «የሁለቱ ፕሮግራሞች የቅብብሎሽ ክፍተት» እያልን ለሰዓታት የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሆን፣ እርሷ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ያም ሆኖ የቀዩ ሕክምና የደረሰበት ደረጃ የሚያስመሰግን ነው። ቀደም ሲል በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጠቃ ልጅ የሚታከመው በሆስፒታል ወይም በመመገቢያ ጣቢያ ተኝቶ፣ በውኃ በሚበጠበጥ የሕክምና ወተት ነበር። እናት ሌሎች ልጆቿን፣ ከብቶቿንና እርሻዋን ትታ ለሳምንታት ከልጁ ጋር መቀመጥ ነበረባት፤ ብዙዎቹ ይህን ስለማይችሉ አይመጡም፣ ቢመጡም አቋርጠው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሬ ብሪያንድና ሚሼል ሌስካን ከኦቾሎኒ፣ ከዱቄት ወተት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቫይታሚኖች የቀመሙት ፕላምፒናት ውኃም እሳትም የማይፈልግ በመሆኑ ሕክምናው ወደ ቤት እንዲሄድ መንገድ ከፈተ። በቤት ውስጥ ማከም ይቻላል የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው ሐዲያ፣ በደዋቾ ነው። በ2000 ዓ.ም. በደቡብ አካባቢዎች ምድሩ ለምልሞ ሳለ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ችግር ሲከሰት፣ መንግሥት ሕክምናው እስከ ጤና ኬላ ድረስ እንዲወርድ ወሰነ። ዛሬ ምግቡ እዚሁ አገር ውስጥም ይመረታል። በሙያችን በዚህ ዘመን ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያክል አላውቅም፤ የእርዳታ ድርጅቶችም ብቻቸውን ያመጡት አይደለም፤ በየቀበሌው ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ባይኖሩ ኖሮ ካርቶኑ ወረዳ ላይ ይቀር ነበር።

የፕላምፒናት ከረጢቷ 92 ግራም ትመዝናለች፤ 500 ኪሎ ካሎሪ ትሰጣለች። ስድስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን ከሁለት ከረጢት በላይ ያስፈልገዋል። አንድ ካርቶን 150 ከረጢት ስለሚይዝ እኛ ስናቅድ «አንድ ልጅ አንድ ካርቶን» ብለን እንገምታለን፤ ወደ 14 ኪሎ ግራም የሚሆን ጭነት ነው። ክረምት መንገዱን ሲቆርጠው ካርቶኑ በአህያ ወይም በሰው ትከሻ ይሄዳል። ቤት ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የታመመው ልጅ ወንድምና እኅት ጣፋጩን ቀምሰው ዝም አይሉም። ለዚህም ሲባል በብዙ ጤና ኬላዎች እናቶች ባዶውን ከረጢት ይዘው እንዲመጡ ይጠየቃሉ። ይህን አሠራር አልወደውም። ባዶ ከረጢት ማን እንደበላው አይናገርም፤ ሦስት የተራቡ ልጆች ባሉበት ቤት ለአንዱ ብቻ ስጪ ማለት እናትን የሌለባት ጥፋት ተጠያቂ ማድረግ ነው። መፍትሔው ቤተሰቡን ለድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ ከሚሰጠው ከሴፍቲኔት ጋር ማገናኘት ነው፤ ይህም በወረቀት ላይ ከተጻፈ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የሴፍቲኔቱ መዝገብ በግብርና በኩል፣ የሕክምናው መዝገብ በጤና በኩል ይያዛል፤ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ ስሞቹን የሚያመሳክር ሰው ካልተመደበ በቀር አንዱ ጽሕፈት ቤት የሌላውን ዝርዝር አያየውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመኝ ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። የአገራችን የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል። የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 አካባቢ ይጀምራል። ሌሎች ለጋሾችና አብዛኞቹ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ ይጀምራሉ። መኸርን ብቻ ለሚጠብቅ የሰሜን ገበሬ ደግሞ ጎተራው የሚራቆተው ከሰኔ ጀምሮ፣ እሸት የሚደርሰው መስከረም ላይ ነው። እንግዲህ የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሒሳብ ዘግቶ የአዲሱን ዓመት በጀት ገና ሳይለቅቅ፣ የለጋሹም ገንዘብ የመጨረሻ ሩብ ዓመት ላይ ደርሶ ሲሳሳ፣ ያ ጊዜ በትክክል ሐምሌና ነሐሴ ነው። ወባውና ተቅማጡም የሚበረታው በዝናቡ ዙሪያ ነው። ለተሽከርካሪ ነዳጅ፣ ለቤት ለቤት ልየታ አበል ገንዘብ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው፤ «በጀት ተዘግቷል» የሚባለውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምንጨቃጨቀው በአንድ ጉዳይ ነው፤ የክረምቱ ካርቶን ከሰኔ በፊት ጤና ጣቢያ ገብቶ መቆለፍ አለበት። የመጋዘን ኃላፊዎች ቦታ የለንም ይላሉ፤ ዘመናዊ ዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ፍላጎቱ ሳይታወቅ ምግብ አይላክም ይላሉ። ፍላጎቱ ግን በየክረምቱ ይታወቃል፤ አዲስ የሚሆነው ለሪፖርቱ ብቻ ነው።

ጥብጣቡ ጨርሶ የማያየው ሌላ ችግርም አለ። መቀንጨር በክንድ አይለካም፤ ክንዱ አረንጓዴ የሆነ ልጅ ለዕድሜው አጭር ሆኖ ሊቀር ይችላል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 38 በመቶ ወርደዋል። ቅነሳው ትልቅ ነው። ሆኖም በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል በዓይነትም በድግግሞሽም ተቀባይነት ያለው አነስተኛ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ያወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማስቀረት ያለመ ነው፤ ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃንና ትምህርትን አንድ ላይ ያስቀመጠበት አሠራሩ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው።

ስለ ሕፃናት ምግብ ስናስተምር በተደጋጋሚ የሚገጥመን ነገር የጾም ድስት ነው። ሕፃን እንደማይጾም ሁሉም እናት ያውቃል፤ ካህናቱም አይከራከሩም። ችግሩ ያለው ማድ ቤት ነው። ዕቃው እንዳይነካካ ስለሚፈራ በሁዳዴ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ቤት ውስጥ እንቁላል አይሰበርም፣ ወተት አይፈላም፤ ልጁም ሳይታዘዝ ይጾማል። ይህን የተረዱ ባልደረቦቻችን ለእናቶች የሰጧት ምክር ትንሽ ናት፤ ለልጁ ብቻ የምትሆን አንዲት ድስትና ማንኪያ ለብቻ አስቀምጡ የምትል። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባት ይህንኑ ሲናገሩ ከእኛ ፖስተር ሁሉ የበለጠ ይሰማል። ሠርቶ ማሳያ ላይ ካሮት ፈቅፍቆ ገንፎ ውስጥ መጨመር ያን ያህል ለውጥ ሲያመጣ አላየሁም፤ ካሮቱ እኛ ከከተማ ይዘነው የሄድነው ስለሆነ።

በ2017 ዓ.ም. ሁሉም ነገር ጠበበ። በጥር ወር የአሜሪካ የውጭ እርዳታ እንዲቆም ትእዛዝ ወጣ፤ ለብዙ ዓመታት በአገራችን የሥርዓተ ምግብ ሥራን ከሚደግፉት መካከል ዋና የነበረው የዩኤስኤይድ ሥራ በወራት ውስጥ ተበተነ። በሚያዝያ ደግሞ የዓለም የምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት ለ650,000 የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና ለማቋረጥ መገደዱን አስታወቀ። ይህ ቢጫው ነው። የሚያስከፍለውም በቀይ ነው፤ መካከለኛውን ያላከመ ፕሮግራም ከሳምንታት በኋላ ከፍተኛውን በካርቶን ያክመዋል።

ምግቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ የቀረው ጥያቄ ለማን ይቅደም የሚለው ነው፤ ሥራዬ አሁን ያለው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መመሪያ ባለ ቢጫዎቹን ሁሉ እኩል አያይም፤ ልኬታቸው ከ11.5 እስከ 11.9 የሆኑትን፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን፣ ቀደም ሲል በቀይ ታክመው የነበሩትንና ሌላ ሕመም ያለባቸውን ያስቀድማል። በምንሠራባቸው ጤና ኬላዎች ባለሙያዎቹ መዝገባቸውን በዚህ መልክ እንዲለዩ እያደረግን ነው፤ ቅድሚያ ከሚሰጠው ከእያንዳንዱ ባለ ቢጫ ልጅ ስም ጎን ትንሽ ኮከብ ያደርጋሉ፣ ምግብ ሲገባ ባለ ኮከቦቹ ይጠራሉ። ያ ባለ 11.8 ልጅ በዚህ አሠራር ኮከብ ያገኛል። 12.1 የሆነው የሦስት ዓመት ልጅ አያገኝም፤ እናቱም ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች። ለእርሷ የምንሰጠው መልስ እስካሁን የሴፍቲኔት ዝርዝር፣ ከተገኘ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎችና የአሥራ አምስት ቀን ቀጠሮ ነው። በመጪው የወረዳ ግምገማ ላይ የማነሣው ይህንኑ ነው፤ ቀጠሮዋ ወደ ሳምንት እንዲያጥርና እናቶች ራሳቸው እቤታቸው እንዲለኩ ጥብጣቡ በየቤቱ እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ።