ሽታው የእኔ መስሎኝ

ሥራዬ መካኒክነት ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ ከመኪና ሥር ተንጋልዬ ስውል አሥር ዓመት ሞላኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምተርከው ውርደት የጀመረው ከእጄ ስለሆነ ነው። የመካኒክ እጅ ይታጠባል እንጂ አይጠራም። አሸዋ ባለው ሳሙና ይፈተጋል፣ በሎሚና በስኳር ይታሻል፣ የጥፍሩ ሥር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፋቃል። ይህ ሁሉ ሆኖ ማታ ከባለቤቴ ጎን ስቀመጥ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል «ዛሬ ናፍጣ ነው» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ቤንዚን፤ የፍሬን ዘይትም አለበት» ትላለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ጋራዡ ቢቀጥራት የመመርመሪያ ኮምፒውተሩ ሥራ ይፈታ ነበር።

አሥረኛ ዓመቴን ስደፍን የሥራ ባልደረቦቼ አዋጥተው ጀርመኖች «ጉትሻይን» የሚሉትን ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱን ይዘህ የተጻፈበት ቤት ትሄዳለህ፤ እዚያ የተጻፈልህን ትስተናገዳለህ። የእኔው በሞዘል ወንዝ ዳርቻ ባለ አንድ የታወቀ ምግብ ቤት ለሁለት ሰው እራት፣ ለየምግቡ ከተመረጠ ወይን ጋር የሚል ነበር። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት።

«ጉርሻ ሰጡኝ ነው የምትለው?» አለች።

«ጉርሻ አይደለም እማዬ፤ ጉትሻይን። ወረቀት ነው።»

«በወረቀት ነው እንዴ የሚያጎርሱት?» ጥቂት ዝም አለችና «መቼም እጃቸው እንዳይነካህ ብለው ይሆናል» አለች።

ነገሩ ዞሮ ዞሮ እጄ ላይ እንደሚያርፍ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ምግብ ቤቱ አንድ የሚሽሊን ኮከብ አለው። እኔ ሚሽሊንን የማውቀው በጎማ ነው፤ በየሳምንቱ ስንቱን አወልቃለሁ፣ ስንቱን እገጥማለሁ። የጎማ ፋብሪካ በሰው ወጥ ምን አገባው ብዬ ሳነብ ያገኘሁት ታሪክ ግን ደረቴን አስነፋኝ። ወንድማማቾቹ የጎማ ነጋዴዎች አንድሬና ኤዱዋር ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1900 የመንገደኛ መምሪያ መጽሐፋቸውን ሲያወጡ ፈረንሣይ ውስጥ የነበረው መኪና ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር። ሰው ብዙ ከነዳ ጎማው ያልቃል፤ ጎማው ካለቀ ሌላ ይገዛል። ስለዚህ ያ በነፃ የታደለው መጽሐፍ መካኒክ የት እንደሚገኝ፣ ቤንዚን የት እንደሚሸጥ፣ ጎማ እንዴት እንደሚጠገን የሚያሳይ ነበር። መጽሐፉ ለምግብ ቤቶች የሚሰጠው ኮከብ የመጣው ቆይቶ በ1926 ነው። ትርጉሙም እስከ ዛሬ የመንገደኛ ነው፤ አንድ ኮከብ ሲያልፉ ሊቆሙለት የሚገባ፣ ሁለት ኮከብ ከመንገድ ወጣ ብለው የሚሄዱለት፣ ሦስት ኮከብ ለእሱ ብቻ ተብሎ ከቤት የሚወጣለት። እንግዲህ መጽሐፉ ከወጥ ቤት አስቀድሞ መካኒክን ካወቀ፣ እኔ እዚያ ቤት ባለርስት እንጂ እንግዳ አይደለሁም ማለት ነው። ይህን ለባለቤቴ በኩራት አስረዳኋት።

«መጀመሪያ እጅህን» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የአንድ አሮጌ የጭነት መኪና የናፍጣ ማጣሪያ ስፈታ ይዞት የነበረውን ሁሉ እስከ ክርኔ ድረስ አፍስሶብኛል። ዓርብ ማታ ሦስት ጊዜ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ባለቤቴ እጄን አሽትታ «ለባቡር ይሆናል» አለች። ለእራቱ ይሆን እንደሆነ አልነገረችኝም።

መኪና እያለን በባቡር የሄድነው በወይኑ ምክንያት ነው። ሞዘል ኮብሌንዝ ላይ ከራይን ይገናኛል፤ ከዚያ ባቡሩ ወንዙን ይዞ ወደ ትሪየር ያቀናል። ኮኸም የምትባለው ከተማ ላይ ግን ትዕግሥቱ ያልቅና ከ1879 ጀምሮ ባለ፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ሰንጥቆ ያልፋል። ባቡሩ በደቂቃዎች የሚጨርሰውን፣ ወንዙ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠማዝዞ ነው የሚደርስበት። አባይ ጎጃምን እንደሚዞረው ነው፤ ሞዘልም እያንዳንዱን ኮረብታ ሳይሰናበት አያልፍም። ኮረብታዎቹ ደግሞ ቀጥ ያሉ ገደሎች ናቸው። ብሬም ከሚባል መንደር በላይ ያለው ካልሞንት የተሰኘ የወይን ማሳ እስከ 65 ዲግሪ የሚደርስ ቁልቁለት አለው። ትራክተር አይወጣውም። እንዲህ ባለ ቦታ በአንድ ሐዲድ ላይ ጥርሱን እየነከሰ የሚንፏቀቅ ትንሽ ሞተር አለ፤ ሰውም የወይን ፍሬም ይጭናል። ከቪትሊሽ ጣቢያ ወርደን በርንካስቴል ኩስ ወደሚባለው ከተማ በአውቶቡስ ስንሄድ ባለቤቴ ወንዙን ስታደንቅ እኔ ያንን ሐዲድ ስፈልግ ነበር። ማነው የሚጠግነው? ዘይቱን የሚቀይሩት ተንጠልጥለው ነው? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በርንካስቴል ኩስ ውስጥ ሰዓት ለመግደል ያየነውን አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። የከተማው ልጅ የሆነው ኒኮላስ፣ በ1401 የተወለደው ካርዲናል፣ በጌታችን ዕድሜ ልክ ለ33 ድኻ አረጋውያን መጦሪያ አሠርቶ የወይን ማሳ ሰጥቶለታል። ቤቱ ዛሬም አረጋውያን ይጦራል፤ ማሳውም ዛሬም ወይን ይሰጣል። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ጸጥ ብላ ቆመች። እኔ እዚያው ባገኘሁት ቧንቧ እጄን ታጠብኩ።

ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከተማውን ወጣ ብሎ ካለው ምግብ ቤት ደረስን። ስለ ምግቡ ብዙ አልናገርም፤ ግማሹን ሲመጣ አላየሁትም፣ ለምን እንዳላየሁት ትሰማላችሁ። ቤቱ ግን ጸጥታው ያስፈራል። ሹካ ሲያርፍ ይሰማል። አስተናጋጆቹ ሲራመዱ ወለሉን የሚነኩ አይመስሉም። ወይን የምታቀርበው ወጣት፣ በቀድሞ ዘመን በእኛ ቤተ መንግሥት ጠጅ አሳላፊ ትባል የነበረችው መሆኗ ነው፣ ጥቁር ለብሳ ጠርሙሱን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ መጣች። የመጀመሪያው አረፋ የሚያወጣ ነበር፤ በሰላም አለፈ። ሁለተኛውን ስታመጣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ሪስሊንግ ከተባለው የወይን ዘር የተሠራ ነጭ ወይን ነው፤ የ2005 ነው፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ቁልቁለት ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለወይኑ ሥር ይመልሳል፤ ሌላም ብዙ አለች። ጀርመንኛዬ የመኪና ክፍሎችን ለመጥራት እንጂ ለዚህ አይበቃም። ራሴን ነቀነቅሁ።

ብርጭቆውን አነሳሁ፤ እንደ አዋቂ ዓይኔን ጨፈንኩና አሸተትኩ።

ጋራዥ!

ናፍጣ አይደለም፤ ቤንዚንም አይደለም፤ ነገር ግን ከዘመዶቻቸው አንዱ ነው። ብርጭቆውን የያዘውን እጄን አየሁት። እሱም አየኝ።

«መጣሁ» ብዬ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ። በሙቅ ውኃ ታጠብኩ። ስመለስ ወንበሬ ላይ ጥዬው የሄድኩት የጨርቅ ናፕኪን እንደ ሕፃን አልጋ ተስተካክሎ ታጥፏል። ተቀመጥኩ፣ ብርጭቆውን አነሳሁ፣ አሸተትኩ። ጭራሽ ብሶበታል። ተነሣሁ። ስመለስ ናፕኪኑ እንደገና ታጥፏል። በሦስተኛው ጉዞዬ አንድ ነገር ተገነዘብኩ፤ እንደዚህ ባለ ቤት አንድ ሰው ከጠረጴዛው ከጎደለ የሌላውም ምግብ አይቀርብም። የወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሁለት አስተናጋጆች አንዳንድ ሳህን ይዘው እንደ ክብር ዘበኛ ቆመዋል። ሲያዩኝ ወደ ውስጥ ተመለሱ። በኋላ እንደሰማሁት ዓሣው ሁለት ጊዜ ተሠርቷል።

አንደኛው አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ «ጤናዎ እንዴት ነው?» አለኝ። ጤነኛ መሆኔን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በግራዬ መብላት ጀመርኩ።

«ምን ሆነሃል?» አለች ባለቤቴ። «በግራ እጅህ? በሰው ፊት?»

«ቀስ በይ። አይሸትሽም?»

አሸተተች። ፊቷ ተለወጠ። እንደ ሌላው ጭንቀቴ ሁሉ «ምንም የለም» ትለኛለች ብዬ ነበር፤ አፍንጫዋ ግን ሐሰት አያውቅም።

«ይሸተኛል» አለች። «ግን ናፍጣ አይደለም። ላምባ ነው።» ትንሽ አሰበችና «ላምባ ደግሞ ከየት አመጣህ?» አለች።

እኔስ ከየት አምጥቼ? ላምባ የነካሁት ለመጨረሻ ጊዜ ኩራዝ ስሞላ ነው፤ ሚኒስትሪ ልፈተን ሳጠና። ያ እንኳን ቆዳዬ ውስጥ ተቀብሮ ኖሮ ዛሬ፣ በዚህ ሁሉ የብር ሹካ መካከል፣ ትንሣኤው ሆነ? ጥያቄውን የምመረምርበት ጊዜ አልነበረም። ከባለቤቴ ቦርሳ ሽቶዋን አወጣሁና በአራተኛው ጉዞዬ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እጄን፣ እጅጌዬን፣ አንገቴን፣ ለጥንቃቄም የኮቴን ውስጥ አርከፈከፍኩበት። ጠርሙሱ የልደት ስጦታዋ ነበር። ሲሶ ያህል ቀርቶታል።

ተመልሼ እንደተቀመጥኩ ከጎናችን ያሉት አንድ ሽማግሌ፣ የቢራቢሮ ክራቫት ያሰሩ፣ ብርጭቋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ቆም አሉ። መልሰው አሸተቱ። ወደ እኔ ተመለከቱ። ከዚያም ወይን አሳላፊዋን ጠርተው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት። እሷም ወደ እኛ መምጣት ጀመረች። ስድስት እርምጃ ነው፤ ለእኔ ግን ከፍራንክፈርት እስከዚያ ከመጣሁበት መንገድ ይረዝም ነበር።

አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ሽታው የእኔ ነው። መካኒክ ነኝ። ዓርብ ዕለት የናፍጣ ማጣሪያ ፈሶብኝ ነው። ባለቤቴ ግን ላምባ ነው ትላለች።» ሁለቱንም እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት፤ ሕፃናት ጥፍራቸውን ለመምህር እንደሚያሳዩ።

ወጣቷ እጄን አየች፣ ብርጭቆዬን አየች፣ ባለቤቴን አየች። ፊቷ በራ።

«ላምባውን አገኙት?» አለች። «ማንም ሳይነግርዎት?»

ቀስ ብላ፣ ለመካኒክ በሚገባ ጀርመንኛ፣ አስረዳችን። ሪስሊንግ ፀሐይ በደንብ ሲመታው ፍሬው ውስጥ የሚከማች ነገር አለ፤ ጠርሙስ ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ወደዚህ ሽታ ይለወጣል። በለጋ ወይን ላይ ሲገኝ እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ፤ በአሮጌ ሪስሊንግ ላይ ግን ብዙዎች የሚፈልጉት ነው። እሷም ያን ጠርሙስ የመረጠችው ለዚሁ ሽታው ነበር። ለካ ስትገልጽልን ራሴን እየነቀነቅሁ የሰማሁት ይህንኑ ነበር።

ባለቤቴ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። እንዲህ ስትኮራ ያየኋት በሠርጋችን ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም ይህን ያህል አልነበረም።

«ታዲያ እኚያ አባት ምን ነበር ያሉት?» አልኩ፣ ነፍሴ ስትመለስ።

ወጣቷ ትንሽ አፈረች። «እርሳቸው... ላምባውን ማሽተት አቅቷቸው ነው። ሽቶ ይዞባቸው።»

ኮቴ ውስጥ የረጨሁት ሁሉ በዚያች ሰዓት ሞቆ ወደ አፍንጫዬ ወጣ።

ሳይጣራ፣ ሳይጮህ፣ እጅግ በሚያምር ትሕትና ወደ ሰገነቱ ተዛወርን። ሁለት ብርድ ልብስ አመጡልን። ወንዙ ከታች ጥቁር ሆኖ ተኝቷል፤ ማዶ ያለው ቁልቁለት ከሰማዩ አይለይም። የበጉ ሥጋም፣ ቀይ ሥጋ ያለው የአገሩ ኮክ የተሠራበት ጣፋጭም እዚያው ብርዱ ውስጥ መጣልን፤ በዚህች ምሽት ከነሙቀቱ በጊዜው የበላሁት እነዚህን ብቻ ነው። ወጣቷ የቀረውን ሪስሊንግ ይዛ ብቅ አለችና «የትኛው ዓይነት ነዳጅ ነው ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አሁን እንደ ባለሙያ ነው የምታየኝ። ነጭ ጋዝ መሆኑን አረጋገጥኩላት። ኩራዙ ሊጠፋ ሲል፣ ክሩ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚሸተውን ነው አልኳት። ኩራዝ ምን እንደሆነ ማስረዳት ግን ሌላ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። በመጨረሻ ባለቤቴ በእጇ ስላ አሳየቻት።

ስንወጣ ጉትሻይኑ ሁሉን ከፍሎልናል፤ ከውኃው በቀር። ውኃ አይጨምርም ነበር። የጠጣነውን ማለቴ ነው፤ እጄን የታጠብኩበትን ቢያስከፍሉኝ ኖሮ መኪናዬን እሸጥ ነበር።

ሰኞ ማታ ከጋራዥ ስመለስ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ነበረች። እንደ ልማዴ ታጥቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ወደ እጄ ጎንበስ አለች፤ አሸተተች፤ ጥቂት አሰበች።

«ዛሬ ደግሞ የስንት ዓመተ ምሕረት ነህ?» አለችኝ።