የእማዬ ዶሮዎችና የብስባሹ ክምር

በምኖርበት በሲያትል ከተማ አንድ ቤተሰብ በግቢው እስከ 8 ዶሮ ማርባት ይፈቀድለታል፤ አውራ ዶሮ ግን አይፈቀድም። እኔም 4 ቄቦች ገዝቼ የጓሮ ብስባሼን፣ ማለትም ለአፈር ማዳበሪያ የማበሰብሰውን ገለባና ቅጠላ ቅጠል፣ እንዲያገላብጡልኝ አሰማራኋቸው። አጥር ሳላበጅ ስለለቀቅኋቸው ግን የከመርሁትን ሁሉ እስከ ጎረቤቴ ደጃፍ በትነውት አገኘሁ።

ለገና ደብረ ብርሃን አጠገብ ወደሚገኘው የእማዬ ቤት ስሄድ ያ ትምህርት ጠቀመኝ። በእኛ በሰሜን ሸዋ ደጋ ማገዶ ብርቅ ስለሆነ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ለማሳው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ባውቀውም፣ በሰው አገር ለአንድ ከረጢት ፍግ ገንዘብ ከከፈልሁ በኋላ ሳየው ልቤ አዘነ። ሆኖም ያለ ኩበት እንጀራ አይጋገርምና እናቶቻችንን በዚህ መውቀስ አይገባም። ስለዚህ እበቱን ሳልነካ በዶሮዎቹ ብስባሽ ለመሥራት ወሰንሁ።

ከወንድሜ ጋር በጓሮው ጥግ በወገብ ልክ ድንጋይ ክበን፣ የገብስ ገለባ፣ የጎመን ቅጠልና የጠላ አተላ እያፈራረቅን ከመርን፤ ዶሮዎቹንም ጠዋት ጠዋት አስገባናቸው። ገብስማዋ ዶሮ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ትጭርና አንድ እርምጃ አፈግፍጋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ትመረምራለች፤ ነጭ ትል ብቅ ሲል ግን ለሌላ አታደርስም። በጫረችው ቀዳዳ አየር ይገባል፤ ኩሷም ገለባው የሚጎድለውን ናይትሮጅን ይሰጠዋል።

ይሁን እንጂ ዶሮ የምትጭረው ላይ ላዩን ነው፤ ክምሩንም ጠፍጣፋ ታደርገዋለች። የተዘረጋ ክምር ሙቀት አይይዝም፤ በደጋው ውርጭማ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል። የአረም ዘር የሚሞተው ደግሞ ውስጡ ወደ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲግል ስለሆነ፣ በየ4 ቀኑ በመንሽ መልሰን እየከመርን ውኃ እናርከፈክፍበት ነበር። የሻገተ እህልና አረንጓዴ የሆነ የድንች ልጣጭ ዶሮን ስለሚጎዳ ከክምሩ አራቅነው። ትኩስ ኩስ ችግኝ ስለሚያቃጥልም እማዬ ሳይበስል እንዳትጠቀምበት አደራ አልኋት።

«ልጄ፣ እኔ ጎመኔን እንዳይጭሩብኝ ሳባርራቸው ነው የኖርሁት» አለችኝ።

በግንቦት ስደውልላት ብስባሹ ጠቁሮና ፈራርሶ የዝናብ አፈር እንደሚሸት፣ ለጎመኗ ከመበተኗ በፊትም ለሁለተኛው ክምር የሚሆን ገለባ ከጎረቤት መጠየቋን ነገረችኝ።