ኦታኩ የሚለው ስም

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በቶኪዮ አኪሃባራ ሰፈር ስዘዋወር ዋልኩ። ግለሰቦች በተከራዩአቸው ትንንሽ የመስታወት ሣጥኖች ውስጥ አኒሜ የሚባሉት የጃፓን የካርቱን ፊልሞች ገጸ ባሕርያት ቅርጾች ዋጋቸው ተለጥፎባቸው ተደርድረዋል። አንድ ጎልማሳ በአንዱ ሣጥን ፊት አጎንብሶ የአንዷን ቅርጽ የልብስ እጥፋት በጥንቃቄ ሲመረምር ሳይ፣ እንደ እሱ ያሉ፣ «ኦታኩ» የሚባሉ ሰዎች በገዛ አገራቸው ለስንት ዓመት በክፉ ዓይን እንደታዩ አሰብኩ።

«ኦታኩ» በጃፓንኛ «የእርስዎ ቤት» ማለት ሲሆን፣ ሰውን በአክብሮት «እርስዎ» ለማለትም ያገለግላል። የማንጋ (በሥዕል የሚተረኩ የጃፓን ታሪኮች) እና የአኒሜ አፍቃሪዎች እርስ በርሳቸው በዚህ ቃል ይጠራሩ ስለነበር፣ ናካሞሪ አኪዮ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1983 በአንድ የማንጋ መጽሔት ላይ፣ ያውም በንቀት፣ የእነሱ መጠሪያ አደረገው። በ1989 ሕፃናትን የገደለ ወጣት ተይዞ በክፍሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የቪዲዮ ካሴቶች ሲገኙ፣ መገናኛ ብዙኃን «ኦታኩ» የሚለውን ስም ከወንጀሉ ጋር አቆራኙት፤ በእኔ እምነት ይህ በነገሩ ምንም በሌሉበት ብዙ ሰዎች ላይ የተፈጸመ ግፍ ነው። ከ2000 በኋላ፣ መንግሥት ራሱ አኒሜንና ማንጋን ለዓለም ማስተዋወቅ ሲጀምር፣ ነቀፌታው ለዘብ አለ። ዛሬ በባቡር ፍቅር የተያዘውም፣ የድሮ ታሪክ የሚያጠናውም ራሱን ያለ ኀፍረት ኦታኩ ይላል።