ፈሰስ

ሰኔ 14። ዛሬም ከሰዓት በኋላ ዘነበ።

ቤታችን ቀበና ነው፣ ወንዙ ዳር። ከአራት ኪሎ በእግር ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። ከአስፋልቱ ላይ ለሚያየን ሰው ከፎቆቹ ጀርባ የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነን። ከጣሪያው ሥር ግን ቁልቁል ወደ ወንዙ የሚወርድ ጓሮ አለን። ባለፈው ሳምንት በእርምጃ ለካሁት። ቁመቱ 30፣ ወርዱ 12 እርምጃ ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንች፣ ትንሽ በቆሎ፣ አንድ የጌሾ ዛፍና ጤና አዳም አለበት። ሰባት ዶሮዎችም አሉን።

እስከ አምና ድረስ ገበሬው አባባ ነበሩ። ዘንድሮ ጉልበታቸው አሻፈረኝ አለ። ቁልቁለቱን መውረድ ይችላሉ፣ መውጣቱ ነው የሚከብዳቸው። ስለዚህ ዶማው ወደ እኔ መጣ።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው። እኔም ገና ጊዜ አለ ብዬ የቦዩን ጠረጋ ለቅዳሜ አቆየሁት። ዝናቡ ግን አልጠበቀኝም። የሚካኤል ዕለት ማታ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ። ጠዋት ስወርድ የቆስጣው መደብ ግማሹ የለም። አፈሩ ከነችግኙ ታጥቦ አጥሩ ሥር ተከምሯል። የቀሩት ቅጠሎችም በበረዶው ወንፊት ሆነዋል። እማዬ መደቡን አይታ ምንም አላለችም። ጎንበስ ብላ ሥራቸው ያልተነቀለውን አንድ በአንድ ማቃናት ጀመረች። ዝም ማለቷ ከቁጣ በላይ ተሰማኝ።

ውሃው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ከእኛ በላይ ያሉት ግቢዎች አሁን ሁሉም ሲሚንቶ ናቸው። ድሮ አፈር ሳሉ ዝናቡን ይጠጡት ነበር። አሁን የሚዘንበው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ፈጥኖ፣ በእኛ ጓሮ ያልፋል። ማንንም አልወቅስም፤ ጭቃ የሚወድ የለም። ግን የዛሬ ሃያ ዓመት ይበቃ የነበረ ቦይ ዛሬ አይበቃም።

ትናንት ልሠራው ወረድኩ። አባባ በሩ ላይ ዱካ አስወጥተው፣ ጃንጥላ ይዘው ተቀመጡ። ገና ሁለት ጊዜ ሳልቆፍር ከላይ ጮኹ።

«ቀጥ አድርገህ አታውርደው! አግድም ውሰደው እንጂ ልጄ፣ አግድም!»

አባባ ጎጃም ነው ያደጉት። እኔ ቦይ የምለውን እሳቸው ፈሰስ ይሉታል። እዚያ ገበሬው ዘሩን ከዘራ በኋላ በማረሻው ማሳውን አግድም ሰያፍ እያደረገ ያርስበታል፣ ትርፉ ውሃ የሚወጣበትን መንገድ። ቀጥ ብሎ ከወረደ ውሃው ጉልበት ያገኝና አፈሩን ይዞ ይሄዳል። በጣም አግድም ከሆነ ደግሞ ይተኛና መደቡን ያፈርሳል። በሁለቱ መሃል ያለውን ነው ማግኘት ያለብህ። አባባ ይህን በዓይናቸው ብቻ ነው የሚያዩት። «ወደ ግራ ትንሽ። ትንሽ ነው ያልኩህ!» እያሉ ሦስት ሰዓት ሙሉ አቆሙኝ።

መታጠፊያው ላይ ዶማው ድንጋይ መታ። ሳወጣው ከሥሩ ሌላ ድንጋይ አለ፣ ከዚያም ሌላ። ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ሆነው ተደርድረዋል። ውሃው ሲታጠፍ ጥጉን እንዳይበላ አባባ የደረደሩት ነው። መቼ እንደሠሩት አላውቅም። ከዚህ ጓሮ ጎመን እየበላሁ ነው ያደግኩት፣ ድንጋዮቹን ግን ትናንት ነው ያየኋቸው።

ድንቹንም አፈር አስታቀፍኩት። ክምሩ ውሃ እንዳይተኛበት ይረዳል፣ ድንቹም ፀሐይ እንዳያገኘውና አረንጓዴ እንዳይሆን ይሸፍነዋል። የሚያሳስበኝ ምች የሚሉት የድንች በሽታ ነው። ብርዱና እርጥበቱ ከበዛ ቅጠሉ በጥቂት ቀን ጠቁሮ ያልቃል። በየጠዋቱ ቅጠሉን እየገለበጥኩ አያለሁ።

ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ደስ ይለኛል። አምና በዚሁ በሰኔ ፈንግል ገባብንና ከ11 ዶሮ ዘጠኙ በአራት ቀን አለቁ። አንገታቸው እየተጠመዘዘ ሲወድቁ ማየት ከባድ ነው። ክረምት ሲገባ እንደሚነሳ ያኔ ነው የተማርነው። ዘንድሮ ገና በግንቦት አስከተብናቸው። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በዓይናቸው ውስጥ አንዲት ጠብታ ናት። እማዬ እያንዳንዷን ክንፏን ይዛ፣ «እሺ የኔ ልጅ፣ አለቀ» እያለች ነበር ያስከተበቻቸው።

አሁን የሐዋርያት ጾም ስለሆነ እንቁላል አንበላም። ማስታቀፍም አይሆንም፣ ጫጩቱን የክረምት ብርድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ እማዬ እንቁላሉን ከታች ላሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ትሰጣለች። እስከ ሐምሌ 5 የእኛ ምሳ ጎመን ነው። ከታች ከታች ቅጠሉን ትቀጥፈዋለህ፣ እሱ ደግሞ ከላይ ያወጣል።

ከወንዙ ማዶ የነበሩት ጎረቤቶቻችን ሰፈሩ ፈርሶ አሁን ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት፣ ራቅ ብለው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ሰኔ ሲገባ ይደውላሉ። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቁት ስለ ጎመኑ ነው። ትናንትም ደወሉ። እሑድ ይዤላቸው እሄዳለሁ ብያለሁ።

የዛሬው ዝናብ የጀመረው አሥር ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ጠፋ። በአሸንዳው ሥር ያስቀመጥናቸው ሁለት በርሜሎች ወዲያው ሞሉ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ወንዙ እንደሆነ ቆሻሻው ለጓሮ እንኳ አያስጠጋም። እኔ ልወርድ ቦት ጫማዬን ስፈልግ አባባ በእጃቸው ከለከሉኝ። በሩ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ወደ ጓሮው ሰጡ። አብሬያቸው ቆምኩ። ከላይ ሲመጣ ውሃው ይጮሃል። ድንጋዮቹ ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ወደ ግራ እየራቀ ይሄዳል።

«ታጠፈ» አሉ አባባ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው እማዬን፣ «ቡናውን አፍዪው እንግዲህ» አሏት።