እማዬን ያዞራት ጆሮዋ ነበር

ባለፈው ዓመት በጥር፣ አንድ እሁድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ እማዬ ለቅዳሴ ልትነሳ በቀኝ ጎኗ ዞረች። ወዲያው "ቤቱ ተገለበጠብኝ!" ብላ ጮኸች። ስደርስ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፍናለች። ትንሽ ቆይቶ ለቀቃት። ከዚያ አስመለሳት። ቅዳሴው ቀረ።

ጎረቤት መጣ። "ግፊት ነው" ያለ ነበር፣ "ደም ማነስ ነው" ያለም ነበር። ክሊኒክ ወሰድናት። ግፊቷ ተለካ፣ ደህና ነው። ደሟ ታየ፣ ደህና ነው። የማዞር ክኒን ተሰጣትና ተመለስን። ክኒኑ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት እንጂ ማዞሩን አላስቆመውም። በሦስተኛው ሳምንት ትራስ ደራርባ፣ ቁጭ እንዳለች ማደር ጀመረች። እኔን በጣም ያሳዘነኝ ግን ስግደት መተዋ ነው። ጎንበስ ስትል ይጀምራታል። እማዬ ስግደት ስትተው አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ወጣት ነው። ሌላው ሁሉ ያልጠየቃትን ጠየቃት።

"እናቴ፣ የሚያዞርዎ ቆመው ሳሉ ነው ወይስ አልጋ ላይ ሲገላበጡ?"

"ስገላበጥ ነው ልጄ።"

"ምን ያህል ይቆያል?"

"አንድ አባታችን ሆይ ሳልጨርስ ይለቀኛል።"

ፈገግ አለ። ቁጭ እንዳለች አንገቷን ወደ ቀኝ አዙሮ በፍጥነት በጀርባዋ አስተኛት፣ ጭንቅላቷ ከአልጋው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ። "ዓይኗን እይ" አለኝ። የዓይኗ ብሌን በራሱ ጊዜ እየዞረ ይርገበገባል። ደነገጥኩ። እሱ ግን "አገኘነው" አለ።

ትምህርት ቤት የስሜት ሕዋሳት አምስት ናቸው ተብለን ነው ያደግነው፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስ፣ ቆዳ። ጆሮ ለመስማት ነው ተባልን፣ አለቀ። ለካ ከመስሚያው ጎን ሌላ አካል አለ። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። የቤት ወለልና ሁለት ግድግዳ ጥግ ላይ እንደሚገናኙት፣ እያንዳንዳቸው ወደተለያየ አቅጣጫ ዞረዋል። ውስጣቸው ፈሳሽ ነው። ጭንቅላታችን ሲዞር ፈሳሹ ወደኋላ ይቀራል፣ ጸጉር መሳይ ጫፍ ያላቸውን ሕዋሳት ያጎብጣል፣ እነሱም ለአንጎል "ዞረናል" ይላሉ። ልጅ ሆነን ተሽከርክረን ስንቆም ዓለም የሚዞርብን፣ እኛ ቆመን ፈሳሹ ገና ስላልቆመ ነው።

ይህ አካል ዓይንንም ይመራል። አሁን ሞክሩት። ጭንቅላታችሁን ግራና ቀኝ እየነቀነቃችሁ ይህን መስመር አንብቡ። ይነበባል። ቀጥሎ ጭንቅላታችሁን አቁማችሁ ስልኩን በዚያው ፍጥነት ወዝውዙት። ፊደሉ ይደባለቃል። በመጀመሪያው ጊዜ ጆሯችሁ እንቅስቃሴውን ቀድሞ ለዓይናችሁ ነግሮታል።

ይህን ትስስር በደንብ ያሳየው ሮበርት ባራኒ የሚባል የቪየና ሐኪም ነው። የታማሚዎቹን ጆሮ ሲያጥብ ውሃው ከቀዘቀዘም፣ በጣም ከሞቀም ያዞራቸው ነበር፤ ዓይናቸው ግን በቀዝቃዛውና በሙቁ ውሃ የሚርገበገበው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። የ1914ን (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዜናው የደረሰው ሩሲያ ውስጥ የጦር ምርኮኛ ሆኖ ሳለ ነው።

ወደ እማዬ ልመለስ። ከቱቦዎቹ አጠገብ ሌሎች ሁለት ከረጢቶች አሉ። በነሱ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያሉ ጠጠሮች ተለጥፈዋል፣ ማዕድናቸው ከእንቁላል ቅርፊት ጋር አንድ ነው። ክብደት ስላላቸው የቱ ታች የቱ ላይ እንደሆነ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ዓይናችንን ጨፍነን ሊፍት ሲነሳ የምናውቀውም በነሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም ጭንቅላት ሲመታ፣ አንዳንዶቹ ይላቀቁና ቱቦ ውስጥ ይገባሉ። እማዬ በቀኝ ስትገለበጥ ጠጠሮቹ አብረው ይንከባለላሉ፣ ፈሳሹን ይጎትታሉ፣ ቀኝ ጆሮዋ "እየተሽከረከርን ነው" ይላል። ግራው "ኧረ አይደለም" ይላል። አንጎል ማንን ይመን?

መድኃኒቱ ክኒን አይደለም። ጆን ኤፕሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1992 (እ.ኤ.አ.) በጽሑፍ ያወጣው ዘዴ ነው። ጭንቅላቷን በቀኝ፣ ከዚያ በግራ፣ ከዚያ መላ ሰውነቷን በጎን፣ በመጨረሻ ቁጭ። በየመሃሉ ትንሽ ይጠብቃል። ጠጠሮቹ በቱቦው ዙረው ወደመጡበት ከረጢት ይመለሳሉ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አንድ ወር ሙሉ ያሰቃያት ነገር!

ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ እናታችሁ ላይ እንዳትሞክሩት። መጀመሪያ የታመመው የቱ ጆሮ እንደሆነ፣ የቱ ቱቦ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ማዞሩ ከአፍ መተሳሰር ወይም ከእጅ መዛል ጋር ከመጣ ደግሞ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል።

"ተመልሶ ሊመጣ ይችላል" ብሎን ነበር። በሰኔ አንዴ መጣ። በማግስቱ ሄድን፣ ያንኑ አደረገላት፣ ለቀቃት። ከዚያ ወዲህ ስትነሳ አልጋው ጫፍ ቁጭ ብላ አንድ አባታችን ሆይ ትደግማለች፣ ከዚያ ትቆማለች።

ዘንድሮ በስቅለት አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከኋላዋ ቆምኩ፣ ብትወድቅ ልይዛት። ግንባሯ መሬት ነካ። ተነሳች። እንደገና ወረደች። ከሰዓት በኋላ እኔ ወገቤን ይዤ ስቆም፣ እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች ዞር ብላ አየችኝና "ደከመህ እንዴ?" አለችኝ።