ከደቻቱ አሸዋ የሚመጡ ቁርጭምጭሚቶች

የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው የኳስ ሜዳ ይሆናል። ድሬዳዋ ውስጥ ራጅ አንሺ ስለሆንኩ የዚያን ሜዳ ቁርጭምጭሚቶች በደንብ አውቃቸዋለሁ።

ሰሞኑን አንድ ባጃጅ ነጂ መጣ። እዚያው አሸዋ ላይ ያደገ ነው። ቁጢጥ ሲል ቁርጭምጭሚቱ ከፊት በኩል ይወጋዋል። ሐረር ዘመድ ጥየቃ ሄዶ የጀጎልን ዳገት ሲወጣማ አይጣል ነው። ሌላ ቦታ ራጅ ተነስቶ «ደህና ነህ» ተብሏል። ፊልሙን ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር አደረገና «ዋሪያ፣ ደህና ከሆንኩ ታዲያ የሚወጋኝ ምንድነው?» አለኝ።

ፊልሙ አልዋሸም። የተነሳው ግን ከፊትና ከጎን ብቻ ነው። ኳስ ተጫዋቾች ላይ የቅልጥም አጥንት የታችኛው ጫፍና ከሥሩ ያለው አጥንት ከፊት በኩል ትርፍ አጥንት ያበቅላሉ። እግር ወደ ላይ ሲታጠፍ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ መሃል ያለው ሥጋም ይቆነጠጣል። ትርፉ ወደ ውስጠኛው ጎን ካደላ ከጎን የተነሳው ራጅ ላይ ሌላ አጥንት ይጋርደዋል። ሐኪሙ ሌላ ራጅ አዘዘለት። እግሩን 30 ዲግሪ ወደ ውጭ አዞርኩ፣ ጣቶቹን ወደ ታች አስዘረጋሁ፣ ጨረሩን 45 ዲግሪ አዘነበልኩ። ፍጥጥ ብሎ ወጣ።

የሊቨርፑሉ ሐኪም ማክመሪ እ.ኤ.አ. በ1950 በታተመ ጽሑፉ ሕመሙን «የኳስ ተጫዋች ቁርጭምጭሚት» ብሎታል። እሱ የመሰለው ኳስ ሲመታ የመገጣጠሚያው ሽፋን አጥንቱን እየጎተተው ነው። በኋላ አስከሬን ላይ ሲታይ ግን ትርፉ አጥንት ሽፋኑ ከሚጣበቅበት ራቅ ብሎ ተገኘ። ዛሬ ይበልጥ የሚጠረጠረው የኳሱ ተደጋጋሚ ምት ነው። በባዶ እግሩ ለሚለጋ የእኛ ሰፈር ልጅ ይሄ ምኑ ይገርማል?

ደግሞ ትርፍ አጥንት ስለታየ ብቻ በሽታ ነው ማለት አይደለም። ምንም ሳያማቸው ይዘውት የሚጫወቱ ሞልተዋል። ሐኪሙ በጣቱ ሲጫን የሚያመው ቦታና ራጁ መገጣጠም አለባቸው። ማዘዣው ላይ «ቁርጭምጭሚት» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ የምናደደውም ለዚህ ነው። የቱ ጋ? ምን ሲያደርግ?

«ኤምአርአይስ?» አለኝ ባጃጅ ነጂው። እሱ የሚጠቅመው ልስልሱ አጥንት ወይም ሥጋው ሲጠረጠር ነው።

ለጊዜው ከኳስ እረፍት፣ ፊዚዮቴራፒና ተረከዙን ከፍ የሚያደርግ ጫማ ታዞለታል። የወጌሻው እሽት ቀርቷል። ካልተሻለው በአልትራሳውንድ እየታየ መርፌ ይሰጠዋል። ያም ካልሆነ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ትርፉን ይጠርቡታል። የመገጣጠሚያው ክፍተት ከጠበበ ግን የቀዶ ሕክምናው ውጤት ይቀንሳል። የእሱ ገና አልጠበበም።

«አቦ፣ እስከዚያው ዳኛ ልሁና!» አለኝ።

ዳኛም ይሮጣል አልኩት።