‹‹አንቱ›› የተባልሁባቸው 66 ቀናት

ከሚያዝያ 27 እስከ ሐምሌ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ድረስ፣ ለ66 ቀናት፣ አያቴ ‹‹አንቱ›› ሲሉኝ ኖረዋል። ጡት ከጣልሁ ጀምሮ ከጎናቸው አስተኝተው ያሳደጉኝ ሴት፣ ‹‹ምሳዎን ይብሉ››፣ ‹‹በሩን ይዝጉልኝ›› ይሉኝ ነበር። ለሌላ ሰው ቁጣ አይመስልም፤ እንዲያውም እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹‹እንዴት ያከብሩሻል!›› እያለ ያደንቅ ነበር። ይህን የምጽፈው በጠላት ወረራ ዘመን ስለ ታገሉ ሴቶች የተጻፈ ልብ ወለድ አንብቦ፣ አልቅሶ፣ ከዚያም ‹‹የእኔም አያት እኮ በዚያ ዘመን ነበሩ›› ብሎ ስልኩን ለመቅረጫ ለሚያዘጋጅ ሰው ነው። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

መጽሐፉን የገዛሁት ሂርማታ ገበያ አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ነው። በአራት ሌሊት ጨረስሁት።

ባሏ ከተገደለ በኋላ ጠመንጃውን አንሥታ ጫካ ስለ ገባች ሴት ይናገራል። ውጊያው ብዙም አልነካኝም፤ የተሰበርሁት የሟቹን ካባ ለብሳ እጇን ኪሱ ውስጥ ስትከትት ግማሹ የተበላ ቆሎ ባገኘችበት ገጽ ላይ ነው። መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ እስኪነጋ አለቀስሁ፤ በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ዓይኔ እንዳበጠ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክን ያበላሻል፤ መጀመሪያ ታሪኩን አንብቢ›› ሲል መከረኝ። ዛሬም በዚህ አልስማማም። ቆሎው ባያስለቅሰኝ ኖሮ የታሪክ መጽሐፉን አልከፍተውም ነበር።

ስከፍተው፣ ያለቀስሁላት የፈጠራ ሴት እውነተኛ ታላላቆች እንዳሏት አየሁ። የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ወይዘሮ ከበደች ሥዩም፣ ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በምሕረት ቃል ተታለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ሲገደሉ፣ ጦር እየመሩ ጠላትን ወግተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌና ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አዚናራ ወደምትባለው የኢጣልያ ደሴት ተግዘው ታስረዋል። ወይዘሮ ስንዱ በኋላ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ከተማዬ ጅማም በታሪኩ ውስጥ ነበረች። ፋሺስቶቹ የደቡብ ምዕራቡን ግዛታቸውን የሚገዙት ከዚህ ሆነው ሲሆን፣ ከእጃቸው የወጣችው ነጻነት አዲስ አበባ ከገባ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ፣ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነው። ወደ ቦንጋ በሄድሁ ቁጥር በአውቶቡስ መስኮት እያየሁ የማልፈው ጎጀብም፣ የፍቼው ግድያ ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ራስ እምሩ ጦራቸው ተከቦ እጃቸውን የሰጡበት ወንዝ ነው።

ፍቼን ሳነብ ነው አያቴ የታወሱኝ። እማማ የሰላሌ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት ለፍቼ ቅርብ በሆነ መንደር ነው። ጅማ የመጡት ከነጻነት በኋላ የቡና ነጋዴ አግብተው፣ እናታቸውን አስከትለው ነበር። ስለ ሰላሌ ሲጠየቁ ‹‹ብርድ ነው›› ከማለት በቀር አንድም ቀን ሲያወሩ አልሰማሁም። እኔም ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ቃል ስለ መቀበል የምክር ወረቀት የሰጠኝ ሰው ነበር። ጸጥ ያለ ክፍል ይመረጥ፣ ተናጋሪው ብቻውን ይሁን፣ ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይጻፉ ይላል። በእኔ ቤት ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ያስቀመጥኋቸው ቀን እማማ የታመምሁ መስሏቸው ግንባሬን ዳበሱኝ። የተናገሩት መንደራ በሚገኘው ቤታችን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤቶች በበርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ የሲኒው ኳኳታና የልጆቹ ጩኸት መቅረጫውን እየሞላው ነው። ጥያቄም አልጠየቅሁም፤ ልብ ወለዱን ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። መጽሐፉ ሲሳሳት ዝም ማለት አልቻሉም።

ያለቀስሁበትን የቆሎ ገጽ ሳነብ እማማ ሳቁ። ‹‹ምን ቆሎ ይተርፋል ያን ጊዜ! ኪስ ቢገኝ ልጆች ይጨርሱት አልነበር?›› አሉ። ጀግናዋ ሠራዊቷን አስከትላ ተራራ ስትወጣ ደግሞ ቡናውን መቅዳት አቁመው፣ ‹‹ማን ፈጭቶ አበላት?›› ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። በ400 ገጽ ውስጥ አንዲት ሴት እንኳ ወፍጮ ላይ አልተንበረከከችም። በዐቢይ ጾም ምሽቶች፣ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ የልብ ወለዱን ጉድለት እየሞሉ ነገሩኝ፤ በሶው በሌሊት እንዴት እንደሚፈጭ፣ የወፍጮ ድምፅ ሩቅ እንዳይሰማ በሩ ላይ ምን እንደሚንጠለጠል፣ ስንቅ የሚያደርስ ልጅ ቢያዝ ምን ብሎ መዋሸት እንዳለበት። እርሳቸው ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበሩ።

ከእነዚህ ምሽቶች በአንዱ፣ በረካው ተጠጥቶ ጎረቤቶቹ ከሄዱ በኋላ፣ እማማ ወደ ስልኬ አዩና ‹‹ያ ነገር በርቷል?›› አሉኝ። አጠፋሁት፤ ማጥፋቴንም አሳየኋቸው። ከዚያ የእናታቸውን ነገር ነገሩኝ። ቅድመ አያቴ ፍቼ በነበረው የጠላት ምሽግ ለሶላቶዎች ልብስ ያጥቡ ነበር። ጥይት በጠገራ ብር ከሚሸጥላቸው አንድ አገልጋይ ጋር ተስማምተው፣ የገዙትን በእርጥብ ልብስ ጠቅልለው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ከወንዙ የሚረከባቸው ሌላ ሰው ነበር። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ከነጻነት በፊት ተገደሉ። ጠላት ሲወጣ የቀረው መንደርተኛው ያየው ብቻ ነበር፦ በየሳምንቱ ምሽግ የምትገባና የምትወጣ ሴት። ‹‹የሶላቶ አጣቢ›› ተባሉ። ውኃ ሲቀዱ ሴቶች እንስራቸውን ያርቁ ነበር። ጅማ የመጡት ማንም ወደማያውቃቸው አገር ለመሄድ ብለው ነው።

እማማ ‹‹ለማንም አትንገሪ›› አላሉኝም፤ ያን ማለት አላስፈለጋቸውም። እኔ ግን ስልኩን በማጥፋቴ ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ። ስልኩን አጠፋሁ እንጂ አፌን አላጠፋሁም።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልብ ወለዱ ያልሰጠኝን ጀግና ገና አሁን ያገኘኋት፣ እርሷም የገዛ ደሜ መሆኗ አሰከረኝ። ቅድመ አያቴ የውስጥ አርበኛ ነበሩ፤ ይህ መታወቅ አለበት፤ አሳዋቂዋም እኔ መሆን አለብኝ አልሁ። በማግሥቱ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ።

ጽሕፈት ቤቱ አራት ጊዜ አመላለሰኝ። መጀመሪያ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ፤ ከዚያ ደብዳቤው ማኅተሙ ደብዝዟል፤ ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን ቅጽ ተሰጠኝ። ‹‹የአርበኛው ስም፣ የዘመተበት ግንባር፣ የማረከው መሣሪያ ዓይነትና ብዛት፣ ሦስት የዓይን ምስክሮች›› ይላል። ለአርበኛዋ የሚሆን ቦታ የለውም። ለሠራተኛው ‹‹የውስጥ አርበኛ ግንባሩ የት ነው ተብሎ ይሞላል?›› ስለው፣ ‹‹እህቴ፣ ባዶ ከሆነ ኮምፒዩተሩ አይቀበልም›› አለኝ። ከ75 ዓመት በኋላ ሦስት የዓይን ምስክር ማምጣት እንዴት እንደሚቻል ስጠይቀው ደግሞ መመሪያው ላይ እንደ ሠፈረ ነገረኝ። በዚያ ቀን ተናድጄ መሄድና መቅረት ነበረብኝ። አልቀረሁም፤ ሠራተኛው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ‹‹ለሚያዝያ 27 በዓል በሕይወት ያሉ እናት እንፈልጋለን፤ ይዘሻቸው ነይ›› አለኝ፤ እኔም እሺ አልሁ።

ለእማማ የነገርኋቸው ‹‹በዓል ነው፣ ሊያከብሩዎት ነው›› ብዬ ብቻ ነው። የፋሲካ ሳምንት ስለ ነበር ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በባጃጅ ሄድን። ለሦስት ሰዓት ተጠርተን መርሐ ግብሩ የተጀመረው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የ89 ዓመት ሴት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ውኃ የሰጣቸው የለም፤ እኔም ንግግሬን በልቤ እያነበነብሁ ስለ ነበር አላስታወስሁም። ከዚያ አራት ባለሥልጣናት ተራ በተራ ተናገሩ፤ የአንዳቸው ንግግር ከሌላው የሚለየው በርዝመቱ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ለእማማ አስጠግቶ፣ ‹‹እናታችን፣ ስንት ጠላት ገደሉ?›› አላቸው።

‹‹እኔ ልጅ ነበርሁ፤ ውኃ እቀዳ ነበር›› አሉ እማማ።

አዳራሹ ዝም አለ። መድረክ መሪው ፈገግ ብሎ ማይክሮፎኑን ሊያነሣ ሲል አፈርሁ። ለእርሳቸው ያፈርሁ መስሎኝ ነበር፤ ያፈርሁት ግን ለራሴ ነው፤ ያመጣኋት ጀግና የልብ ወለዷን ስላላከለች። ማይክሮፎኑን ከእጁ ተቀበልሁና ሁሉንም ተናገርሁ። ምሽጉን፣ እርጥቡን ልብስ፣ ጥይቱን፣ ስድቡን ሳይቀር። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ፣ አሳምሬ ነበር የተናገርሁት። በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ክፋት ይኑርባቸው አይኑርባቸው ዛሬም አላውቅም፣ ‹‹እንግዲህ ለጠላት ልብስ ታጥብ ነበር ማለት ነው?›› ብለው ጠየቁ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ስመልስ መድረክ መሪው ‹‹ጊዜ ስላጠረን›› ብሎ ወደ ምስክር ወረቀት አሰጣጥ ገባ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ‹‹ላበረከተው አስተዋጽኦ›› የሚል ነበር።

እማማ ወረቀቱን አልተቀበሉም። ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ፤ ተከተልኋቸው። ባጃጁ ሲቆም ወደ ጎን ተጠግተው ቦታ ለቀቁልኝና ‹‹ይግቡ›› አሉኝ።

የመጀመሪያው ያ ነበር። ማንም እንዳያውቃቸው ብለው ከፍቼ የሸሹትን ስድብ፣ በተሸሸጉበት ከተማ፣ በድምፅ ማጉያ አሰማሁባቸው። ባለሥልጣናቱ ሰነፎች ናቸው፤ ቅጹም የማይረባ ነው፤ ግን ማይክሮፎኑን የተቀበለው የእኔ እጅ ነው።

ከዚህ በኋላ ለሚጀምር የምለው አለኝ፤ ሌላው ሰው የሚሰጠው ምክር ተቃራኒ ቢሆን አልደነቅም። ሁሉንም ቅረጹ፣ ሁሉንም አሳውቁ፣ ታሪክ እንዳይጠፋ ይሏችኋል። እኔ ደግሞ አንዳንዱ ይጥፋ እላለሁ። መቅረጫው ከጠፋ በኋላ የተነገራችሁ የእናንተ አይደለም፤ የፈቃድ ፊርማ ቢኖራችሁም አይደለም፤ ተናጋሪው ከሞተ በኋላም ለመናገር ስንት ዓመት ማለፍ እንዳለበት አላውቅም። ይህንንም ስጽፍ እጄ ያመነታል፤ እማማ በ2011 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ የራሴንም የእርሳቸውንም ስም ትቼ፣ ስድቡን ብቻውን ከምተወው ጥይቱን ልጨምርበት ብዬ ነው። ስህተት ሊሆን ይችላል። ልብ ወለዱንም አታንብቡ አልልም፤ አንብቡ፣ አልቅሱም። ግን ያለቀሳችሁላትን ሴት በአያታችሁ ፊት ላይ አትፈልጉ። ‹‹ስንት ገደሉ›› ብሎ የጠየቀው መድረክ መሪ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ለሦስት ሳምንት ዝም ብዬ የጠበቅሁት ያንኑ ነበር፤ የእርሱ ጥያቄ ከእኔ የሚለየው በድምፅ መነገሩ ነው።

ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ። ሦስቱንም ጊዜ ‹‹ምን አድርገውኝ?›› አሉኝ። ጎረቤቶቻችን ነገሩን ሰምተው እንደሆነ አላውቅም፤ ቡና መጠጣታቸውን አላቆሙም፤ ጠይቄም አላውቅም። ልብ ወለዱን ከመደርደሪያው አንሥቼ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት። ሰኔም እንዲሁ አለፈ።

ሐምሌ 3 ቀን ጠዋት ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ እየደበደበ ነበር። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ፤ እማማ ከመደቡ ላይ ሆነው እሳቱን ያያሉ። ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ኖሯል፣ ጀበናው አፉ ድረስ አረፋ ሞልቶ ሳለ አላየሁትም።

‹‹አንቺ ልጅ፣ ገነፈለብሽ እኮ! አውርጂው እንጂ›› አሉኝ።

አወረድሁት።